ፍጥሞ ለሁለት ሰው፦ ለክቡር የጉዞ ኮሚቴ ሰብሳቢ

ለክቡር አቶ አባተ፣
የፍጥሞ ጉዞ ኮሚቴ ሰብሳቢና የማኅበራችን የማይክሮፎን ባለአደራ፣
ኧርቪንግ ከተማ።

እጅግ የማከብርዎ አቶ አባተ፤ ከሁሉ አስቀድሜ፣ በዚህ አስፋልት በሚያቀልጥ የፈረንጅ አገር የሐምሌ ሙቀት ጤናዎ፣ ጉልበትዎና በተለይም ድምፅዎ እንዴት ሰነበቱ እያልኩ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔና ባለቤቴ ይርጉ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ ደኅና መሆናችንን የምንነጋገረው ግን በቴክስት ነው። እሱ ኤርፖርቱ አጠገብ ባለ የዕቃ መጋዘን ሲሠራ አድሮ ሲመለስ፣ እኔ ወደ አረጋውያን መጦሪያው ለመሄድ ፓርኪንግ ላይ ቆሜ እጠብቀዋለሁ፤ ቁልፉን ይሰጠኛል፣ ምሳ ዕቃዬን ይዤ እገባለሁ፣ የመኪናው ወንበር ሳይበርድ እኔ እቀመጥበታለሁ፣ አልጋው ሳይበርድ እሱ ይተኛበታል። ከተጋባን ስድስት ዓመታችን ሲሆን፣ ጫጉላ የሚባለውን ነገር እስካሁን አልደረስንበትም።

ፍጥሞ የምትባለውን የግሪክ ደሴት ያሰብናት ለዚህ ነበር። ቅዱስ ዮሐንስ ራእዩን ያየበትን ዋሻ ልንሳለም፣ ከዚያም አንድ ሳምንት ሙሉ ሁለታችንም ነቅተን፣ ሁለታችንም ተቀምጠን ቁርስ ልንበላ ነበር። ይህን ምኞታችንን ታላቅ አገራዊ ዘመቻ ስላደረጉልን ላመሰግንዎ በግል ሦስት ጊዜ ያህል ደውዬልዎ፣ ሦስቱንም ጊዜ «እናየዋለን» ብለው ስልኩን ስለዘጉት፣ ምስጋናዬን በማኅበሩ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ በግልጽ ለማውጣት መገደዴን በትሕትና አሳውቃለሁ። ምስጋናዬ ብዙ ስለሆነ በቁጥር ከፍዬዋለሁ።

፩ኛ. ለብዛቱ አመሰግናለሁ። ዋይሊ ከተማ፣ የማኅበራችን አባል ማኑሄ አዲሱ ቤቱ ውስጥ ልጁን ክርስትና ባስነሳ ዕለት፣ ምግብ ለማንሳት ተሰልፌ ሳለሁ ስለ ጉዟችን ለጓደኛዬ ለአይናዲስ በጆሮዋ ነገርኳት። እርስዎ ሳህንዎን ይዘው ከኋላዬ መቆምዎን አላየሁም ነበር። «ሶ፣ ብቻችሁን ነው የምትሄዱት?» ብለው ሲጠይቁኝ ፊትዎ ላይ ያየሁት ሐዘን አንድ ሰው ቤቱ ተቃጠለ ሲባል የሚያሳየው ዓይነት ነበር። ኬኩ ሳይቆረስ ከመኪናዎ ትራንክ የማይለየውን ማይክሮፎን አስመጥተው፣ ማኅበራችን ወደ ፍጥሞ እንደሚጓዝና የዚህ ቅዱስ ሐሳብ አመንጪ እኔ መሆኔን አበሠሩ። እልል ተባለ። እኔም እልል አልኩ፤ ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያየኝ ምን ላድርግ? ሁለት የነበርነው ሰዎች ከሰዓት በኋላውን አርባ አንድ ሆንን። ብቻውን የሚሄድ ሰው ወይ የተጣላ ወይ የታመመ ነው ብሎ በሚያምን ሕዝብ መካከል እንደምኖር ስላስታወሱኝ ውለታዎን አልረሳውም።

፪ኛ. ስለ ቅዳሜዎቻችን አመሰግናለሁ። ባልተጠየቅሁበት የኮሚቴው ጸሐፊ ሆኜ ከተመረጥኩ ወዲህ፣ በየቅዳሜው አዲሰን በምትባለው ከተማ ባለው ምግብ ቤት የኋላ ክፍል ውስጥ ስንሰበሰብ ወራት ተቆጠሩ። ቅዳሜ እኔና ይርጉ በአንድ ጊዜ ነቅተን የምንውልባት ብቸኛ ቀናችን እንደነበረች በትሕትና ላስታውስዎ እወዳለሁ። ስለ ቲሸርቱ ቀለም የተከራከርንባቸውን ቅዳሜዎች አልቆጥርብዎትም፤ ቲሸርቱ ሲደርስ ግን የደሴቷ ስም ከደረት በታች በደቃቅ ፊደል፣ «ሰብሳቢ አቶ አባተ» የሚለው ደግሞ ከኋላ በጉልህ መጻፉን ሳይ፣ ከኋላችን የሚመጣ ግሪካዊ ሁሉ ማን እንደሚመራን እንዳይቸገር መታሰቡ ልቤን ነክቶታል።

፫ኛ. ስለ ኤርፖርቱ። እዚህ ላይ እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ አይደለም። እኛ የኧርቪንግ ሰዎች ግማሾቻችን ኤርፖርት ሻንጣ የምንጭን፣ ኤርፖርት ሰው የምናመላልስ፣ ኤርፖርት ሆቴል አልጋ የምናነጥፍ ስለሆንን፣ በዚህች ምድር ላይ ኤርፖርት የሌለው ቦታ ይኖራል ብሎ ያሰበ ከእኔና ከይርጉ በቀር ከመካከላችን አልተገኘም። በዚህም ምክንያት የትራንስፖርት ንዑስ ኮሚቴው ወደ ፍጥሞ በሚበረው አውሮፕላን ላይ መስኮት አጠገብ ማን ይቀመጥ በሚለው ጉዳይ ሁለት ስብሰባ ተወያየ፤ ሽማግሌዎች ይቅደሙ ተባለ፤ ሕፃናት ይቅደሙ የሚል ወገን ተነሣ፤ ሰው ተቀያየመ። እኔ ስለ መርከብ ልናገር እጄን ሳወጣ «አጀንዳ ውስጥ የለም» ተባልኩ። በመጨረሻ የኤርፖርት አቀባበል ኃላፊ አድርገው የሾሙት፣ ሻትል የሚነዳው ገመቹ፣ ስልኩን ሲነካካ ቆይቶ «ጋሼ፣ ማለቴ… ደሴቷ እኮ ኤርፖርት የላትም፤ በመርከብ ነው የሚገባው» ሲል የወረደው ዝምታ፣ በኮሚቴው ታሪክ የመጀመሪያው ዝምታ ነበር። እርስዎ ግን ወዲያው ነቅተው የመርከቡን ጉዳይ ለእኔ ሰጡኝ። ይህን እንዲያስታውሱልኝ እለምናለሁ፤ በኋላ እመለስበታለሁና።

፬ኛ. ስለ ሺሮው ጉዳይ ይርጉ «ተዪው» ስላለኝ ዘልዬዋለሁ። በአራት ሻንጣ ሺሮና ድርቆሽ ጭኖ ዓሣ ወደሚጠመድበት ደሴት መሄድን በተመለከተ ግን አስተያየት እንዳለኝ ይመዝገብልኝ።

፭ኛ. ስለ ፕሮግራሙ። በሰኔ ይሆናል የተባለውን ጉዞ በረከቱ እንዲበዛልን ብለው ወደ ፍልሰታ ጾም ስላዛወሩት እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፕሮግራሙን ለማኅበርተኛው ያባዛሁት እኔ ስለሆንኩ ቃል በቃል አውቀዋለሁ፦ የጠዋት ጸሎት፣ የሰብሳቢው የመክፈቻ ንግግር፣ የዋሻ ጉብኝት፣ በዋሻው ጉብኝት ላይ የሰብሳቢው ማብራሪያ፣ ከተራራው ጫፍ ያለውን ገዳም ማየት፣ የማጠቃለያ ንግግር፣ እንዲሁም «ባሕሩን በጋራ መመልከት፣ ሠላሳ ደቂቃ»። እማማ እታለማሁ እግራቸውን ውኃው ውስጥ ሊነክሩ ይፈቀድ እንደሆነ ሲጠይቁ፣ እስከ ቁርጭምጭሚት ድረስ ብለው በልግስና ፈቅደዋል። ባሕሩም ያመሰግንዎታል።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር ባልፍ ኅሊናዬ ይወቅሰኛል። ቅዱስ ዮሐንስ ወደ ፍጥሞ የሄደው በግዞት ነው፤ ያም ሆኖ ዋሻው ውስጥ ማብራሪያ የሚሰጠው አልነበረምና የታየውን አየ። እኔን ደግሞ ማንም አላሳደደኝም፤ ፈቃድ ወስጄ፣ ሻንጣ ገዝቼ፣ በገዛ እግሬ የምሄድ ሰው ነኝ። በዚህ ዘመን ከእሱ ቀጥሎ ወደዚያች ደሴት የምጋዘው እኔ እንዳልሆን መለመን ነውር አይመስለኝም።

፮ኛ. ስለ ማደሪያው። እስካሁን ያልኩት ሁሉ ጨዋታ ነው፤ ይህኛው ግን አንጀቴ ገብቷል። እኔና ይርጉ ግሪኮስ በምትባለው የባሕር ወሽመጥ አጠገብ አንዲት ክፍል ይዘን ነበር። በረንዳዋ ከሁለት ወንበር በላይ አይችልም። እኔ የወደድኳት በዚሁ ነው፤ ሦስተኛ ሰው ቢመጣ መቆም አለበት። ባለፈው ጥቅምት ፎቶዋን አግኝቼ ሥራ ቦታ ዕረፍት በወጣሁ ቁጥር አያት ነበር። በኋላ «ለአንድነት ሲባል» ይህች ክፍል እንድትሰረዝ ጠየቁን፤ ይርጉም ታላቅ ሰው ሲጠይቀው እሺ ከማለት ሌላ ቃል ስለማያውቅ ተሰረዘች። ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ ጾም ነውና ወንዶች ወደቡ አጠገብ፣ ሴቶች ከተራራው በላይ ይደሩ የሚለውን ሐሳብ አቀረቡ። ያገባንም ጭምር ወይ ብዬ ስጠይቅ፣ በተለይ ያገባችሁ አሉኝ።

ከዚያ ድምፅ ተሰጠ። ባለቤቴ ሌሊቱን ሳጥን ሲያነሣ ያደረ ሰው ነበርና ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ አንቀላፍቶ፣ እንቅልፉ ራሱን ወደ ፊት ጣል፣ ቀና፣ ጣል፣ ቀና ሲያደርገው፣ እርስዎ በማይክሮፎን «አቶ ይርጉም ራሱን በመነቅነቅ ድጋፉን ሰጥቶናል» ብለው ድምፁን ቆጠሩት። ቤቱ አጨበጨበ። ጭብጨባው ሲያነቃው እሱም አጨበጨበ። ክቡር ሆይ፣ በእንቅልፉ ሚስቱን የፈታ የመጀመሪያው ሰው ባለቤቴ ሳይሆን አይቀርም፤ ለዚህ ክብር ስላበቁት ምን ብዬ ላመስግንዎ?

ወደ ቤት ስንመለስ ምን ላይ ራሱን እንደነቀነቀ ነገርኩት። አፓርታማችን ስንደርስ መኪናውን ፓርክ አድርጎ ሞተሩን አጠፋ፤ አልወረደም። ሌላ ጊዜ እዚያ ቦታ ላይ አንዳችን ወጪ አንዳችን ገቢ ስለሆንን፣ ሁለታችንም በአንድ ላይ ስንቀመጥ ቦታው እንግዳ ሆነብኝ። ከዚያ ይርጉ፣ ያ ለታላቅ ሰው እምቢ ብሎ የማያውቀው ይርጉ፣ «ዕፄ፣ እኔ እኮ ካንቺ ጋር ቁርስ መብላት ነው የፈለግኩት። ሶ፣ እኛን ከግሩፑ ካንሰል አድርጊንና ብቻችንን እንሂድ» አለኝ። በስድስት ዓመት ትዳር ውስጥ ከዚህ የበለጠ የፍቅር ቃል አልሰማሁም። ማልቀሴን በአደባባይ ደብዳቤ ላይ መጻፍ ተገቢ አይደለም፤ ቢሆንም አልቅሻለሁ።

ስለዚህ ክቡርነትዎ የሰጡኝን የመርከብ ኃላፊነት በታማኝነት መወጣቴን በደስታ እገልጻለሁ። የሠላሳ ዘጠኙ ማኅበርተኞች መርከብ ተይዟል፤ ሽማግሌዎች መስኮት አጠገብ ናቸው። እኔና ይርጉ ግን ፈቃዳችንን አዛውረን፣ ጾሙ ሳይገባ፣ ከእናንተ አንድ ሳምንት ቀድመን እንገባለን። ያቺ ክፍል አሁንም ነፃ ነበረች፤ በረንዳዋም አልሰፋችም። ዋሻውን በጠዋት እንሳለማለን፤ ስለ ማኅበራችንና ስለ እርስዎ ጉሮሮም እንጸልያለን። ከዚያ በኋላ ምንም ፕሮግራም የለንም። እናንተ የምትደርሱ ዕለት ቲሸርታችንን ለብሰን ወደብ ላይ ቆመን በእልልታ እንቀበላችኋለን፤ እናንተ ስትወርዱ እኛ እንሳፈራለን። አንዱ ሲገባ አንዱ የሚወጣበትን ርክክብ ከእኔና ከይርጉ የተሻለ የሚያውቅበት ስለሌለ፣ ምንም ዓይነት መስተጓጎል እንደማይኖር አረጋግጣለሁ።

የተጓዦችን ፓስፖርት ቅጂና የተረፉትን ቲሸርቶች ለአይናዲስ አስረክቤአለሁ። በምትኬ ጸሐፊ ሲመርጡ ቢያንስ ነቅቶ ያለ ሰው እንዲሆን በአክብሮት አሳስባለሁ።

ጉዟችሁ የቀና፣ ማዕበሉ የረጋ፣ የማይክሮፎኑ ባትሪም እንደ እግዚአብሔር ፈቃድ የሚሆን ይሁን እያልኩ፣ ለዘላለሙ ውለታዎን የማልዘነጋ፣

የቀድሞ ጸሐፊዎ፣ የይርጉ ሚስት በሥራ ሰዓትም ከሥራ ሰዓት ውጭም፣
ዕፀገነት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ቅዳሜ ማይክሮፎኑን «አንድ፣ ሁለት» እያሉ ሲሞክሩ፣ የተከበሩት ባለቤትዎ እትዬ ብርቅነሽ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ንግግርዎን ከሦስተኛው ረድፍ እንዳዳመጡ አጫወቱኝና፣ ባለ ሁለት ወንበር በረንዳ ያላት ሌላ ክፍል ትገኝ እንደሆነ ጠየቁኝ። ከእኛው አጠገብ ተገኝታለች፤ ከእኛው ጋር በሚሄደው መርከብ ላይም ሁለት ቦታ ይዤላቸዋለሁ። የሁለተኛውን ተሳፋሪ ስም ስጠይቃቸው «እስቲ አስቤ ልንገርሽ፣ ኦኬ?» ብለውኛል። ማይክሮፎን የያዘ ሰው እንደማይሳፈር ግን ከወዲሁ ቁርጡን ነግረውኛል። በነገራችን ላይ፣ አትላንታ ያሉት እህታቸው ፓስፖርታቸውን አሳድሰዋል።