ከሁሉ ያነሰች

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ

ብርዱ ጀመረ። የቀኝ እጄ አንጓ ዛሬም አብጦ አደረ። ጳውሎስ ሆስፒታል ሄጄ አሳየሁት። ሐኪሙ የናይሮቢውን ውድድር ተጫወቺ፣ ከዚያ በኋላ ግን ለጊዜው ጎልፍ የለም አለኝ። ለጊዜው ሲሉ እስከ መቼ ነው? አልጠየቅኩትም። ፈራሁ መሰለኝ።

የአገር ውስጥ ዋንጫ ቤቱን ሞልቶታል፤ እማዬ አንዱን የሽሮ መስፈሪያ አድርጋዋለች። ውጭ ወጥቼ ግን አንድም ቀን አሸንፌ አላውቅም። ይቺ የመጨረሻዬ ብትሆንስ...

ጥቅምት 23፣ እሁድ

መሳይ ምሳ እኛ ጋ በላ። ቦርሳዬን ተሸክሞ ሜዳ ለሜዳ ስንት ዓመት አብሮኝ የዞረ ልጅ ነው። ትናንት ልምምድ ላይ ስልሳ ዘጠኝ አመጣሁ፣ አብራኝ የወጣችው ልጅ ሰማንያ። ይህንኑ እየኮራ ለእማዬ ነገራት። እሷ ደግሞ አይዞሽ ብላ ትልቁን ሥጋ ወደ እኔ ገፋችልኝ!

መሳይ ሳቀ። "እማማ፣ ጎልፍ እኮ ኳሷን ባነሰ ምት ጉድጓድ የከተተ ነው የሚያሸንፈው።"

"ያነሰው?"

"ያነሰው።"

ጉርሻዋን መልሳ አስቀመጠችው። "ይኼን ሁሉ ዓመት መድኃኔዓለም ደጅ ቆሜ ቁጥሯን አብዛላት ስል..."

ዋንጫ ይዤ ስመጣ በዝቶላት ነው ስትል ኖራለች ለካ! እኔና መሳይ በሳቅ ሞትን። እሷ አልሳቀችም።

ጥቅምት 27፣ ሐሙስ

መድኃኔዓለም። እማዬ ከቤተ ክርስቲያን ቶሎ ተመለሰች። ምን ብለሽ ጸለይሽልኝ አልኳት።

"ዝም ብዬ ቆሜ መጣሁ። ለገዛ ልጄ አሳንሳት ልበል? አፌ እንዴት ይበል?"

እውነቷን ነው። የእማዬ ምርቃት ሁሉ ሽቅብ ነው... ብዢ፣ ክበሪ፣ ከፍ በይ። እነሺ ማለት እሷ ጋ እርግማን ነው። እኔ ደግሞ ሳትመርቀኝ ሄጄ አላውቅም። ትልቅ ሴት ነኝ፣ ሰው ቢሰማ ይስቅብኛል። ግን ያለ ምርቃቷ እንዴት ነው የምሄደው?

ኅዳር 1፣ ሰኞ

አንጓዬን በቅባት አሸችልኝ። ምርቃቱ ግን የለም።

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ

ሻንጣው ወጣ። መሳይ ታች መኪና ውስጥ ሆኖ ክላክሱን ያንባርቃል። ጉልበቷን ስሜ ጠበቅኩ። በቃ፣ እንዲሁ ልሄድ ነው ብዬ ስነሳ ያቺን የታመመች እጄን በሁለት እጇ ያዘቻት። እንትፍ እንትፍ አለችባት።

"ኳስሽ መንገድ አይጥፋት። ቶሎ ቤቷ ትግባ። አንቺንም ቶሎ ቤትሽ ያግባሽ።"

የቀጨኔን ቁልቁለት እያለቀስኩ ወረድኩ። መሳይ ምን ሆንሽ ይለኛል።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ፣ ናይሮቢ

እየመራሁ ነው። አንጓዬ ይጠዘጥዘኛል። ከእያንዳንዱ ምት በፊት "ቶሎ ቤቷ ትግባ" እላለሁ፣ በሆዴ...

ኅዳር 7፣ እሁድ

አሸነፍኩ!! ቀኜ አልታዘዝ ብሎኝ በግራዬ ነው የምጽፈው።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

ቤቴ ነኝ። ሐኪሙ ጋ ነገ እሄዳለሁ። ለጊዜው ማለት እስከ መቼ እንደሆነ እጠይቀዋለሁ፤ ለዘላለም ቢለኝም እሰማዋለሁ። እማዬ አብሬሽ ካልሄድኩ ብላለች።

በር ላይ ስንገናኝ ዋንጫውን ዞር ብላም አላየችው። መጀመሪያ አንጓዬን ዳሰሰች፣ ከዚያ "በስንት አነስሽ?" አለችኝ። በሁለት አልኳት። እልል አለች።

እሁድ መሳይ ደውሎ ሲነግራት ደጅ ወጥታ "ልጄ ከሁሉ አነሰች!" ብላ ለጎረቤት አውጃለች አሉ። ሰፈሩ ተሰብስቦ ሊያጽናናት መጣ። እትዬ መሰለች ዳቦ ይዘው፣ አይዞሽ ዋናው ጤና ነው እያሉ...

"ታዲያ አላስረዳሻቸውም?"

"ተያቸው" አለችኝ ዳቦውን እየቆረሰች። "እኔስ እናትሽ ሆኜ ስንት ዓመት ፈጀብኝ።"