የአባትሽን መቃብር ማን አረመው?

ልጄ ሶስና፣ እግዚአብሔር በሰው አገር የሰው ፊት አያሳይሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

በአባትሽ ሙት ዓመት፣ ዝናቡ ሳያግደኝ ሲግናል ሰፈር ካለው ቤታችን ተነስቼ ተራራው ላይ ወዳለው አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ወጣሁ። የክረምቱ ሣር ሌላውን መቃብር ሁሉ ውጦታል፤ የእሱ ግን ታርሟል፣ ፎቶውም ተወልውሏል፣ የጧፍ ሰምም ፈሶበታል። ዘበኛውን ብጠይቀው፣ «እህታቸው በየወሩ ይመጣሉ፤ ቀይ፣ ረጅም ሴትዮ» አለኝ። አባትሽ አንድ ለእናቱ አልነበረም እንዴ? በቀብሩ ዕለት ከሁሉ ኋላ ቆማ ከእኔ ብሳ ስታለቅስ የነበረችውን ቀይ ሴት አልረሳኋትም። እኔ በስንት መከራ ከዓመት አንዴ የምወጣውን አቀበት እሷ በየወሩ!

እመብርሃን ከፊት ከኋላሽ ትሁን። ሰው ቀጥረሽ ያሳረምሽው አንቺ ከሆንሽ ጻፊልኝ። ካልሆንሽም፣ «እኔ ነኝ» ብለሽ ጻፊልኝ።

እናትሽ አፀደ