አባባ ጠመንጃቸውን ሸጡ

ይድረስ ለወንድሜ ለራምዚ፣ ጅዳ።
አሰላሙ ዐለይኩም። እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ዝናቡም ጥጋቡም ሞልቶልን ደህና ነን።

ባለፈው ወር አንድ ጁምዓ አባባ ከጎረቤታችን ከሙሀመድአወል ጋር ወደ ቆሼ ገጠር ለአደን ወጥተው፣ አጥር ላይ የተሰቀለ ጥቁር ጄሪካን ጅግራ ነው ብለው ተኮሱበት። ሁለቱም እየሳቁ ተመለሱ። በማግስቱ አባባ "ትከሻዬን ከበደኝ" ብለው ጠመንጃውን ለእሱ ሸጡለት። ፈቃዱም በስሙ ዞሯል።

አደኑን ግን አልተዉም። የክንፍ ድምፅ ሲሰሙ "በስተቀኝህ!" ይሉታል፤ እሱም ይመታል። ትናንት ሁለት ጅግራ አምጥተው ጎረቤቱን ሁሉ አበሉ።

የልጅህን ፎቶ ሳሳያቸው ስልኩን ትንሽ ያዙና "ማንን ይመስላል?" አሉኝ። "ቁርጥ ራምዚን" አልኳቸው፤ በጣም ደስ አላቸው። ሌላ ፎቶ አትላክ፣ ለአረፋ ራሱን ይዘኸው ና። ለከርሞ አትበል።

አላህ በአንድ ማዕድ ዙሪያ ያሰባስበን።
እህትህ ባሂራ፣ ከቡታጅራ