ዘሀራ፣ ሱኩማው ቤታችን ገባ

ለእኔዋ ዘሀራ፣

ከተለየሽን አራተኛው ረመዳን አለፈ። አላህ ቀብርሽን ያስፋልሽ። ሞያሌ እንደተውሻት ናት ልልሽ ነበር፤ ግን ውሸት ይሆንብኛል። አሁን ሰው ሁሉ ሞባይል ይዞ ገበያ መሀል ብቻውን ይጮኻል። የቤታችንን ቆርቆሮ ቀይሬዋለሁ፤ ዝናብ ሲመጣ ሳፋ ይዘሽ የምትሮጪበት ጥግ ደርቋል። ትልቁን ለውጥ ግን ብነግርሽ አታምኚኝም፤ እኔ ባልሽ፣ የከብት ነጋዴው ጀማል፣ ሱኩማ ተክያለሁ።

ሳቂ፣ መብትሽ ነው። ያንን ጎመን የሚመስል ሰፊ ቅጠል ካገባሁሽ ዓመት ጀምሮ የፍየል ምሳ እያልኩ ያሳቀቅኩሽ እኔ ነኝ። በእኛ ቤት ማዕድ ማለት ሥጋ፣ ቅቤና ወተት ነበር። ከዳበል ምርጥ ሙክት ነድቼ ስመጣ እንደ እኔ ሚስቱን የሚያከብር ባል የለም ብዬ ደረቴን እነፋ ነበር። አንድ ቀን ሱኩማ ሠርተሽ ብታቀርቢ ሳህኑን በጣቴ ገፋሁት። ከዚያ ወዲህ አላቀረብሽም፤ እኔም የረታሁ መሰለኝ።

ከሞትሽ በኋላ ነው ማማ ካሪሚ የነገረችኝ፤ ያቺ ሄሉ መንገድ ዳር፣ ከሜሩ በሎሪ የሚመጣ አትክልት የምትሸጠዋ። ለለቅሶ መጥታ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ፣ በልጃችን ስም እየጠራችኝ፣ «ባባ ሰሚራ፣ ሚስትህ እኔ ጋ ሱኩማ ይበላል ነበር፤ ኪቲ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ሁልጊዜ» አለችኝ። ኪቲ ያለችው በርጩማዋን ነው። የራስሽ ቤት እያለሽ ቅጠል ለመብላት ሰው ደጅ ትሄጂ ነበር ማለት ነው። ያን ቀን ከቀብርሽ ቀን የበለጠ አለቀስኩ።

ሌላም አለ። ሆድሽ ገፋ ሲል ለገበያ ጓደኞቼ ቅቤዬ ነው ብዬ ጉራ ነዛሁ። ላም መያዟን ከአጥር ማዶ አይቼ የምለይ ሰው አጠገቤ የምትተኛዋን ሚስቴን አላየሁም። ፊትሽ ገርጥቶ «ወገቤን ነው» ስትዪኝ አመንኩሽ። የወር ደምሽ ከሳምንት አልፎ እንደሚፈስ፣ ጨርቅሽን ከእኔ ደብቀሽ እንደምታጥቢ አላወቅሁም። ሐኪሙ የማህፀን እጢ መሆኑን፣ ፋይብሮይድ እንደሚሉት፣ ካንሰር እንዳልሆነና ቀድመን ብንመጣ ሊታከም ይችል እንደነበር ሲነግረኝ ደምሽ አልቆ ነበር።

አሁን ስለ ሰሚራ ልንገርሽ። ልጃችን ሃያ ሁለት ሞልቷታል፤ አረማመዷ ያንቺው ነው። ባለፈው ዓመት በዝናብ ወራት የከሰል ጆንያ ማንሳት አቅቷት ግድግዳ ስትደገፍ አየኋት። ምን ሆንሽ ብላት «ወገቤን ነው» አለችኝ። ዘሀራ፣ ያንቺው ቃል ነው። አባት ሴት ልጁን እንዲህ ያለ ነገር አይጠይቅም፤ አንቺም ብትኖሪ ኖሮ አፍህን ያዝ ትዪኝ ነበር። ግን ጠየቅኳት። መሬት መሬት እያየሁ፣ እየተንተባተብኩ፣ እናትሽም እንዲሁ ትለኝ ነበር፣ ደም ይበዛብሻል ወይ አልኳት። መጀመሪያ ተቆጣች፤ ቀጥላ ሻሿን ፊቷ ላይ ስባ አለቀሰች።

ሶሎሎ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። በመሣሪያ ሲያዩዋት ሁለት ትንንሽ እጢዎች አገኙ። ሲስተሯ በእርጋታ አስረዳችን። ምክንያቱ ይህ ብቻ ነው አይባልም፣ በዘርም ይመጣል፤ አትክልትና ፍራፍሬ በሚያዘወትሩ ሴቶች ላይ ግን አነስ ብሎ፣ ቀይ ሥጋ በሚያበዙት ላይ በርከት ብሎ ይታያል አለች። ቅጠል የበቀለውን እጢ ያጠፋል ብላ አልዋሸችንም። ለደሟ ኪኒን ሰጠቻት፤ በየስድስት ወሩ ኑ አለችን። ሥጋ ጭራሽ እንተው ወይ ብዬ ስጠይቃት ሳቀች። ደም ላነሳት ሰው ጥቂቱ አይከፋም፣ ማዕዱን ሁሉ አይያዘው እንጂ አለችኝ።

በማግስቱ ከማማ ካሪሚ አንድ እቅፍ ሱኩማ ገዝቼ በከብት ገበያው መሀል አለፍኩ። በጓሮ መንገድ መሄድ እችል ነበር፤ ሆን ብዬ ነው። ነጋዴዎቹ «ጀማል፣ ፍየሉ የታለ? ምሳው ብቻ ነው እንዴ የመጣው?» እያሉ ተንጫጩብኝ። ለሚስቴ ነው አልኳቸው።

ከዚያ ወዲህ አሮጌ የሎሪ ጎማዎች ውስጥ አፈር ሞልተን ራሳችን ተከልን። ውሃ እንደምታውቂው እዚህ ብርቅ ነው፤ ስለዚህ ለሶላት ውዱእ የማደርገው ጎማዎቹ አጠገብ ነው፣ ውሃው ወደ ሥሩ እንዲወርድ። መክተፍ ገና አልሆነልኝም። ሰሚራ የከተፍኩትን እያየች ይሄማ ለግመል ነው ትለኛለች፤ ትበላዋለች ግን።

ሁለት ጊዜ ተመልሰን ታይታለች። እጢዎቹ አላደጉም። የቅጠሉ ይሁን የራሳቸው ጠባይ ሲስተሯም እርግጠኛ አይደለችም፤ እኔም አልሟገትም። ፊቷ ወዝ መልሷል፤ የከሰሉን ጆንያ ብቻዋን ታነሳለች።

ዛሬ ጠዋት ውዱእ ላይ እያለሁ መጣችና፣ ሳልጠይቃት፣ «አባ፣ መጥቶልኛል፤ ሦስተኛ ቀኑ ነው፣ እንደ ድሮው አይበዛም» አለችኝ። በሀፍረት ጆሮዬ ጋለ። አልሐምዱሊላህ አልኩና የታጠብኩትን ፊት እንደገና ታጠብኩ። አንቺ ስንት ዓመት የደበቅሽኝን ልጅሽ በቤትሽ ግቢ ቆማ ነገረችኝ።

እስካለሁ ድረስ፣ አምስቱንም ወቅት ውሃው ወደ ሱኩማው ሲወርድ ስምሽን እየጠራሁ ዱዓ አደርግልሻለሁ። አንቺን ያልጠየቅኩሽንም እሷን እየጠየቅኩ አስታውስሻለሁ።

ባልሽ ጀማል