ቦክሰኛው ቆዳውን የቀየረ ዕለት

ውድ እህቴ ሕሊና፣

እንዴት ሰነበትሽ ብዬ ልጀምር አልችልም፤ ስለዚህ በሸረሪቱ እጀምራለሁ። አንቺ ከሄድሽ በኋላም ብዙ ጊዜ ኖሯል። የምጽፍልሽ ይህን እንድታውቂ ብዬ ነው።

ደክሞኛል፣ እታለም። "እታለም አትበለኝ፣ ታስረጀኛለህ" ትይኝ ነበር። አሁን የሚያስረጅሽ ነገር የለምና እንዳሻኝ እጠራሻለሁ። ያደከመኝ ሐዘኑ ብቻ አይደለም፤ ሐዘኑን ማስረዳቱ ነው። ሰው ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ "ምን ሆና ነው?" ይላል። ትርፍ አንጀት ነው እንላለን። "ትርፍ አንጀት ደግሞ ሰው ይገድላል?" ይላል። መንገዱ ተዘግቶ ነበር፣ ጎንደር ስትደርስ ፈንድቶ ነበር እንላለን። እሱ ከንፈሩን መጦ ይወጣል፤ ሌላው ይገባል፤ እንደገና ከትርፍ አንጀት እንጀምራለን። መልሳችንን የማትጠብቀው አክስታችን ጤናዬ ብቻ ናት። "ሸረሪት ሸንቶባት ነው" ትላለች በር ላይ ቆማ፣ ጎረቤት እስኪሰማ። "ስንቴ ነገርኋት! ሴት ልጅ ባል ትፈልጋለች እንጂ ድንጋይ ሥር ለሥር ሸረሪት ትፈልጋለች?"

አንቺ ደግሞ የምትፈልጊው ወንድ ሸረሪት ነበር። ይህን ብነግራት ምን እንደምትል ሳስብ፣ አንድ ቀን ለቀስተኛው መሀል ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር።

አብሬሽ ሊማሊሞ የወረድኩባቸው ቅዳሜዎች ትዝ ይሉኛል። እኔ ድንጋይ አነሳለሁ፤ አንቺ ተንበርክከሽ ታያለሽ፤ ከዚያ ድንጋዩን እንደነበረ እንድመልሰው ታዢኛለሽ። "የሰው ጣራ አንስተህ ጥለህ ትሄዳለህ?" ትይኛለሽ። ከድንጋዩ ሥር የምናገኛት ሸረሪት ቡናማ ናት፤ ጀርባዋ ላይ አመድ የተነሰነሰባት ትመስላለች። አምባ ጊዮርጊስ ድረስ ሄደሽ አጣሻት። ወደ ዛሪማ ቁልቁል ስንወርድና ሙቀቱ ሲበረታም አጣናት። ከዳባት እስከ ሊማሊሞ አፋፍ ብቻ፣ በብርዱና በጉሙ ውስጥ ትኖራለች። "በዓለም ላይ ሌላ ቦታ ላትኖር ትችላለች" ስትይኝ፣ "ታዲያ ምን ታድርግ፣ መንገድ የለ!" አልኩሽ። ሳቅሽ። ያኔ በመንገድ መቀለድ ይቻል ነበር።

አንዷን ይዘሽ ብልቃጡ ውስጥ ወዳለው አልኮል ስትከቻት ሁልጊዜ ፊትሽን ትመልሻለሽ። "ይቅርታ፣ እመቤት" ትያታለሽ። አንድም ቀን ሳትይ ቀርተሽ አታውቂም።

የያዝሻቸው ሁሉ ሴቶች ነበሩ። ጎንደር ያሉት አስተማሪሽ፣ ዶክተር ሰይፈ ሥላሴ፣ ወንዱ ሳይገኝ ዝርያዋን ለይቶ "አዲስ ናት" ማለት እንደሚያስቸግር ነግረውሻል። ለእኔ ያስረዳሽኝ እንዲህ ነበር፦ የሸረሪት መልክ ያታልላል፣ ቀለሙ ከቦታ ቦታ ይለዋወጣል። ሴቷ ሆዷ ሥር ጓጉንቸር የሚመስል ነገር አላት። ወንዱ ከአፉ አጠገብ ባሉት ሁለት አጫጭር እጆቹ ጫፍ ላይ ቁልፉን ይዟል። የአንዱ ዝርያ ቁልፍ የሌላውን አይከፍትም፤ ሸረሪቶችን የሚመድቡት ተመራማሪዎች ዝርያን ከዝርያ የሚለዩት በዚህ ነው። አንቺ ጓጉንቸሩን ይዘሻል፤ ቁልፉ የለም። "ወንዶቹ የት ሄደው ነው?" ብዬ ስጠይቅሽ፣ "እንዳንተ ናቸው፤ ሲፈለጉ አይገኙም" አልሽኝ።

በመጨረሻ የተገኘው አባባ ዳባት ማሳው ላይ የፈረሰ ካብ ሲጠግን ነው። ገና ያልጎለመሰ ትንሽ ሸረሪት ነበር፤ የእጆቹ ጫፎች ግን አብጠዋል። "ወንድ ነው!" ብለሽ ስትጮኺ አባባ እባብ የነደፈሽ መስሎት ዶማውን ይዞ ሮጠ። የቦክስ ጓንት ያጠለቀ ስለሚመስል ቦክሰኛው አልነው። ቁልፉ ገና ጓንቱ ውስጥ ነው አልሽኝ፤ ለመጨረሻ ጊዜ ቆዳውን ሲቀይር ብቻ ይወጣል፤ እስከዚያ በሕይወት ማቆየት የእኛ ፋንታ ነው። የማርማላታ ጠርሙስ ክዳን በምስማር በስተሽ፣ ውሃ እንዲያገኝበት ከእርጥብ ጥጥ ጋር እዚያ ውስጥ አስቀመጥሽው።

ወደ ጎንደር የሚወስድሽ መኪና ሲመጣ፣ ሆድሽን ይዘሽ ጎብጠሽ፣ የነገርሽኝ ነገር ስለ ዝንብ ነው። "አንዱዓለም፣ ቦክሰኛውን እንዳትረሳ። ዝንብ ስጠው። ጥጡን አርጥብለት።" እኔም "እሺ" አልኩ። በሩ ተዘጋ። "መጨረሻ ላይ ምን አለችህ?" ሲሉኝ አልናገርም። ማን ያምነኛል?

ቤቱ በለቀስተኛ ሲሞላ ጠርሙሱን አልጋዬ ሥር ደበቅሁት። ዝንቡን የሚያመጣልኝ የክፍሌ ልጅ ሙባረክ ነበር። አባቱ ቆዳና ሌጦ ስለሚነግዱ መጋዘናቸው ዝንብ አያጣም። በላስቲክ ቋጥሮ ክፍል ውስጥ በዴስክ ሥር ያቀብለኛል። ስለ አንቺ ምንም አይጠይቀኝም። "ዛሬ ሦስት ናቸው፤ አንዱ ሰነፍ ነው" ይለኛል። ያላደከመኝ ሰው እሱ ብቻ ነው።

አንድ ቀን እማዬ ስትጠርግ ጠርሙሱን አገኘችው። ጩኸቷን ከጓሮ ሰምቼ ሮጥኩ። በአንድ እጇ መጥረጊያ፣ በሌላው ጠርሙሱን ይዛ ወደ ውጭ ልትወረውረው ነው።

"እማዬ፣ የሕሊና ነው!"

እጇ አየር ላይ ቀረ። "ምኑ ነው የሕሊና?"

"ሸረሪቱ። አደራ ብላኝ ነው።"

ጠርሙሱን ትክ ብላ አየችው። ከዚያ አልጋዬ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

"እስካሁን ምን እየበላ ነው?"

"ዝንብ።"

"ውሃስ?"

ጥጡን አሳየኋት።

"ደርቋል እኮ!" አለችኝ ተቆጥታ። "አደራ የተቀበለ ሰው እንዲህ ነው የሚይዘው?"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቦክሰኛው ከእጄ ወጣ። እማዬ የጠዋት ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ላይ አኖረችው። ራሷ ሁለት ጉርሻ ጎርሳ የምትነሳ ሴት፣ እሱ ሳይበላ ከዋለ ትጨነቅ ጀመር። እትዬ ጤናዬ መጥታ ስታየው አማተበች። "የሰኔ ጾም ገብቷል፤ ይኸ ጉድ አይጾምም?" አለች። እማዬ ዝንቡን በቀዳዳው እየለቀቀች፣ "ልጅ ነው፤ ገና ሰባት ዓመት አልሞላውም" አለቻት። ከቀብርሽ ወዲህ ስትቀልድ ስሰማት ያ የመጀመሪያው ነበር። አክስቴ እንኳ ሳትወድ ሳቀች።

አንድ ቀን የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ላይ ነበርን። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ጋሽ አገኘሁ በሩን ገፋ አድርጎ፣ "አንዱዓለም ክንዴ፣ እናትህ በር ላይ ናት" አለ። ያንቺ ጊዜም የተጠራሁት እንዲሁ ነበር። መምህሩ ጠመኔውን እንደያዙ ቆሙ፤ ሙባረክ ሳልነግረው ደብተሬን ሰበሰበልኝ። ግቢውን ሳቋርጥ በልቤ "አባባ ነው" አልኩ። እማዬ ነጠላዋን አዘቅዝቃ የብረቱን በር ይዛ ቆማለች። ዓይኗ ቀልቷል።

"ማን ነው?" አልኳት።

"ሞተብን" አለችኝ። "ጠዋት ደህና ነበር። አሁን ገብቼ ሳየው እግሩን አጥፎ ተጋድሟል። ሞተብን፣ ልጄ።"

"ማን?"

"ቦክሰኛው ነዋ!"

ጋሽ አገኘሁ ቆቡን አወለቀ። "እግዜር ያጽናችሁ። የየት አገር ሰው ነበር?" አላት።

"የዳባት" አለችው እማዬ።

እዚያው የዘበኛው ቤት አጠገብ መሳቅ ጀመርኩ፤ ማቆም አቃተኝ። መቼ ወደ ልቅሶ እንደተለወጠ አላውቅም። በቀብርሽ ዕለት እንቢ ያለኝ እንባ ሁሉ እዚያ ወጣ። እማዬ አቅፋ ይዛኝ፣ "አይዞህ፣ ሌላ እንፈልጋለን" ትለኛለች።

ቤት ስንደርስ ጠርሙሱን ወደ ብርሃኑ አነሳሁት። ግርጌው ላይ የተጋደመው እውነትም ሬሳ ይመስላል፤ እግሩም፣ ፀጉሩም፣ ጓንቱም አለ። ግን ውስጡ ባዶ ነው፤ ብርሃን ያሳልፋል። ከላይ፣ ክዳኑ ሥር፣ ነጣ ያለና እግሩ የረዘመ ሌላ ሸረሪት ተንጠልጥሏል።

"እማዬ፣ ወደ ላይ እዪ።"

አየች። ወደ ባዶው ቆዳ ተመለሰች። እንደገና ወደ ላይ አየች።

"ትቶት ነው የወጣው?"

"አዎ።"

"እንዲህም ይቻላል?" አለች። እኔን አልነበረም የጠየቀችው።

ለዶክተር ሰይፈ ሥላሴ ደወልኩ። የሆነውን ነገርኳቸው። "እጆቹስ?" አሉኝ። ተከፍተዋል፣ ጫፋቸው ላይ ጠመዝማዛ ነገር ይታያል አልኳቸው። ከዚያ ደከም ባለ ድምፅ አስረዱኝ። "ቆዳው እስኪጠነክር ጥቂት ጠብቅና አልኮል ውስጥ ክተተው። የጎለመሰ ወንድ ዕድሜው አጭር ነው። ባላየኸው ሰዓት በራሱ ከሞተ ይበላሻል፤ እጁ ከተበላሸ ደግሞ ምንም አይለይበትም። አዲስ ዝርያ ነው ብዬ ቃል አልገባልህም፣ ልጄ። አይተን ነው። ሥራው ግን በእሷ ስም ነው የሚወጣው።"

ለእማዬ ነገርኳት። መስኮቱን ስትወለውል ነበር፤ ዞር ሳትል "በጾም አይታረድም" አለችኝ።

"እማዬ፣ አንበላውም እኮ።"

"ቢሆንም። ሐምሌ አምስት ጾሙ ሲፈታ እናየዋለን።"

ነገሩ ጾሙ እንዳልሆነ አውቃለሁ። እኔም ጾሙን ወደድኩት።

ሙባረክ ግን ጭራሽ አልተስማማም። "እኛ ቤት ሸረሪት አይገደልም። አያቴ ድሩን እንኳ አታስነካም። ልቀቁት፤ ሚስት ፍለጋ ነው የሚዞረው" አለኝ። እውነቱን ነው፤ ቦክሰኛው ከጎለመሰ ወዲህ መብላት ትቶ መዞር ብቻ ሆነ። ዝንቡ አጠገቡ ቢያርፍም አያየውም፤ ጠርሙሱን ይዞራል፣ ይቆማል፣ ይዞራል። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ተመልሼ ካቡ ላይ ልለቀው ጠርሙሱን በቦርሳዬ ይዤ እስከ ዳባት መኪና መሳፈሪያ ሄድኩ። ረዳቱ "ትገባለህ ወይስ አትገባም?" እስኪለኝ ቆምኩና ተመለስኩ። ብለቀው የለፋሽበት ሥራ እንዲሁ ይቀራል። ብገድለው ደግሞ እጅሽ ነክቶት በሕይወት ያለ ነገር፣ ከእኛ በቀር፣ አይቀረንም። ደከመኝ፣ እታለም። እንደዚያ ቀን ደክሞኝ አያውቅም።

እሑድ እማዬ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ቦክሰኛው አንድ እግሩን ሲጎትት አየችው። ነጠላዋን ሳታወልቅ አጠገቡ ቆመች።

"እየደከመ ነው።"

"አዎ።"

"ሐምሌ አምስትን ያያል?"

"አይመስለኝም።"

ነጠላዋን አጥፋ አስቀመጠች። "አልኮሉን አምጣ።"

"ጾሙስ?"

"አንድ ጊዜ ዘግይቻለሁ" አለች። "ዳግመኛ አልዘገይም። አምጣ።"

ብልቃጡን ስከፍት እጄን ያዘችኝ። "ዝም ብለህ ነው? ዶሮ እንኳ ሳይባረክ አይነካም። አባትህ ዳባት ነው፤ የቤቱ ወንድ አንተ ነህ።" ዶሮ አርጄ አላውቅም። ቢሆንም "በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ፣ አሐዱ አምላክ" አልኩ። እሷ "አሜን" አለች። እኔ ያንቺን ጨመርኩ፦ "ይቅርታ፣ ጌታው።" ፊቴን ግን አልመለስኩም። አንቺ ሁልጊዜ ትመልሺ ነበር፤ አንዳችን እንኳ እንድናየው ብዬ ነው።

መለያውን እንዳስተማርሽኝ በእርሳስ ጻፍኩት፤ እስክሪብቶ አልኮል ውስጥ ይሟሟል። ዳባት፣ የክንዴ ማሳ ካብ። ሰብሳቢ፣ ሕሊና ክንዴ። ዶክተሩ ቤት ውስጥ የጎለመሰ ስለሆነ ማን እንዳሳደገውም ይጻፍ ብለውኛል። እማዬ "የራስህን አድርግ" አለችኝ። እኔ "አሳዳጊ፣ ገበያነሽ" ብዬ የእሷን ጻፍኩ። ወረቀቷን ተቀብላኝ በጣቷ እየተከተለች አንድ በአንድ አነበበች፤ ያንቺ ስም ላይ ቆየች፣ ከዚያ የራሷ ላይ።

"ሁለታችንም አብረን ልንገባ ነው?" አለች።

"አዎ።"

ወረቀቷን ራሷ ጠቅልላ ብልቃጡ ውስጥ ከተተቻት። ባዶውን ቆዳ ማንም አልጠየቀንም፤ በጥጥ አድርጋ ሙዳይዋ ውስጥ አስቀምጣዋለች። እትዬ ጤናዬ አልተነገራትም።

ነገ መንገዱ ክፍት ነው ይላሉ። ብልቃጡን ደረት ኪሴ ውስጥ አድርጌ ጎንደር እሄዳለሁ። ሙባረክ አኩርፎኝ ሰንብቷል፤ ሆኖም እስከ መናኸሪያ እሸኝሃለሁ ብሏል። ዶክተሩ ነገሩ እስኪለይ ዓመትም ሁለት ዓመትም ሊፈጅ ይችላል ብለዋል። ቁልፉ የዚያች ጓጉንቸር ሆኖ ከተገኘ መቃብርሽ ድረስ መጥቼ እነግርሻለሁ። ሸረሪቷ ድሮ የታወቀች ሆና ብትገኝም መጥቼ እነግርሻለሁ። ሊማሊሞም እወርዳለሁ፤ ያነሳሁትን ድንጋይ ሁሉ እንደነበረ እመልሳለሁ።

ዝንቡን ያልረሳው ወንድምሽ
አንዱዓለም
ደባርቅ