ያልታጠበው ጠጠር

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11
ብርድ ነው። ሱሉልታ እንደ ልማዷ። የሆቴሉ እንግዳ መቀበያ አኳሪየም እንደገና አረንጓዴ ሆኗል... ባለፈው ሳምንት አይደል እንዴ ያጸዳሁት? ውሃውን ለካሁት። አረንጓዴውን የሚያበቅለው ፎስፌት በዝቷል። እንግዳው ሁሉ ለዓሦቹ ምግብ ይጥላል። ፎስፌት የሚመጥ ጠጠር ማጣሪያው ውስጥ ካልገባ አይጠራም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13
ጠጠሩን ከአዲስ አበባ አመጣሁ። ዝገት የመሰለ ቡናማ። በደንብ ይታጠብ፣ በትንሹ ይጀመር ይላል ማሸጊያው። ሥራ አስኪያጁ ኦቦ ሞቱማ መጥተው አጠገቤ ቆሙ።
"ቅዳሜ ሠርግ አለ። እስከዚያ ካልጠራ፣ ሁንዴ፣ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።"
ሳላጥብ፣ ከታዘዘው ሦስት እጥፍ ከተትኩ። ምን ይሆናል ብዬ?

ዓርብ፣ ጥቅምት 14
ዓሦቹ በሙሉ ሞተው አደሩ። አሥራ ዘጠኝ። ውሃው በጠጠሩ ዱቄት ደፍርሷል።
ኦቦ ሞቱማ ወለል ወደምታጸዳዋ ወደ ተስፋነሽ ዞሩ። "ሳሙናሽን ነው የደፋሽበት?"
"እኔ አልነካሁም ጌታዬ።"
ከዚያ እኔን አየችኝ። እኔ ማጣሪያውን እፈታለሁ... ቀና አላልኩም። ምሳ ሳይደርስ አባረሯት። ከወላይታ ከመጣች ገና ዓመቷ ነው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15
ሠርጉ አለፈ። ባዶውን አኳሪየም በአበባ ሸፈኑት። ስለ ዓሣ የጠየቀ የለም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19
ነገርኳቸው። "ጥፋቱ የኔ ነው፤ ልጅቷ ትመለስ" አልኩ።
ኦቦ ሞቱማ ከስልካቸው ቀና አላሉም። "ዲሲ፣ ሁንዴ... ተወው። በቦታዋ ሰው ገብቷል።"

እሁድ፣ ጥቅምት 23
ቡራዩ ናት ብለውኝ ሄድኩ። ተስፋነሽን ከጸሎት ቤት ስትወጣ አገኘኋት። ብሎኬት ማምረቻ ገብታለች። እጇ ተሰነጣጥቋል።
"ያን ቀን..." ብዬ ስጀምር፣
"ሳታጥብ ስትጨምረው አይቻለሁ" አለችኝ።
"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"
"አንተ ትናገራለህ ብዬ ስጠብቅ።"
ይቅርታ ጠየቅኳት። "ይቅር ብያለሁ። ግን ሁለተኛ እንዳትመጣ።"

ረቡዕ፣ ኅዳር 10
አዲስ ዓሦች ገብተዋል። ጠጠሩን የሚወርደው ውሃ እስኪጠራ አጠብኩት፤ በትንሹ ጀመርኩ። አኳሪየሙ እንደ መስተዋት ሆኗል። ኦቦ ሞቱማ ለእንግዶች "የኛ ባለሙያ" ብለው አስተዋወቁኝ።
አዲሷ የጽዳት ሠራተኛ ሳምሪ አኳሪየሙ ጋ ስትደርስ ዙራ ታልፋለች። "ምነው?" አልኳት።
"የበፊቷ ልጅ ዓሣ ጨርሳ ተባረረች አሉኝ።"
"እሷ አይደለችም። እኔ ነኝ የገደልኳቸው።"
የቀለድኩ መስሏት ሳቀች።