በስምህ የተቀመጠው ድንጋይ

ያራቪል፣ ሜልበርን
ሐሙስ፣ ሜይ 13 ቀን 2004

ይድረስ ለምወድህ ልጄ ለስታማቲስ፤

እንደምን ሰነበትክ? ሜሊሳስ እንዴት ናት? ሆዷ ገፋ ወይ? እግሯ እንዳያብጥ ከፍ አድርጋ ትቀመጥ በላት። እኛ ደህና ነን። የአባትህ ጉልበት ዝናብ ሲመጣ ቀድሞ ይነግረናል፤ ከቴሌቪዥኑ ትንበያ እሱ ይሻላል። ወይራውን ለቅመን ጨው ውስጥ ነክረነዋል። ዘንድሮ ብዙ ነው፣ ግን ምሬቱ አልለቅ ብሏል።

ሲድኒ ድረስ ደብዳቤ ስጽፍልህ ሳትገረም አትቀርም። በቃል ከሆነ ገና አፌን ስከፍት በጠበቃ አንደበትህ ትረታኛለህ፤ እኔም "እሺ የኔ ልጅ" ብዬ ዝም እላለሁ። ወረቀት ግን አይረታም። ስለዚህ ቁጭ ብለህ እስከ መጨረሻው አንብበው። ሜሊሳ አጠገብህ ካለች ወደ ሌላ ክፍል ግባ።

የኳስ ክለባችን ነገር አልቆለታል። አዲሱ ሊግ ሲጀመር ለየከተማው አንድ አዲስ ክለብ ብቻ ነው የሚፈቀደው፤ እኛን የመሰሉት ሁሉ፣ ጣልያኖቹም ክሮአቶቹም፣ ወደ ታች ይወርዳሉ። ይህን ከእኔ በፊት አንተ ታውቀዋለህ፤ እንጀራህ ከአዲሱ ሊግ ነውና። እሱስ ይሁን ብለን ነበር። ታች ወርደንም ቢሆን ሜዳችን ላይ እንጫወታለን ብለን። አሁን ግን ሜዳውንም ልቀቁ ተብለናል።

ያ ሜዳ እንዴት እንደተገኘ ልንገርህ ብል ትስቃለህ። እኔ ግን ሰው የሚያውቀውን ሲረሳ አይቻለሁ። በአሥራ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ስድስት ከደሴታችን ከኢካርያ የመጡ፣ ቀኑን ገመድ ፋብሪካ የሚውሉ ጎረምሶች ማዘጋጃ ቤቱን የኳስ ሜዳ ለመኑ። ማዘጋጃ ቤቱም ዳክዬ እንኳ ንቆት የሄደውን ረግረግ በሊዝ ሰጣቸው። የሰፈሩ ሰው አጥር ላይ ተደግፎ "እስቲ ሲሰምጡ እንይ" እያለ ይስቅባቸው ነበር። አባትህና ጓደኞቹ ከሥራ ሲወጡ በአካፋ ቦይ እየቆፈሩ፣ የሸክላ ቱቦ እየቀበሩ አደረቁት። ክለቡንም ፋሮስ አሉት፤ ከመርከቡ ላይ ሆነው ከአገራቸው በመጨረሻ ያዩት የባሕሩን መብራት ቤት ስለነበር። የመጀመሪያውን ጨዋታ በማልታዎቹ ሰባት ለባዶ ተሸንፈው እየዘፈኑ ተመለሱ። በረኛው አባትህ ነበር፤ እስከ ዛሬ ሦስቱ ከጨዋታ ውጪ ነበሩ ይላል።

ከዚያ ያለውን አንተም ታስታውሳለህ። ወደ ብሔራዊ ሊግ የወጣን ጊዜ መንገዱ በመኪና ተዘግቶ ካህኑ ሠርግ የቀረበት፣ ዋንጫውን የበላን ዕለት እኔና ኩላ የክለቡን ወጥ ቤት ጥለን ሽርጣችንን እንደታጠቅን ሜዳ የገባነው። ቀጥሎ ደግሞ ስማችሁ የስደተኛ ስም ነው፣ ዓርማችሁም የስደተኛ ነው ተባለና መብራት ቤታችንን አውርደን "የምዕራብ ቀበሮዎች" ሆንን። የኩላ ባል ሚካሊስ ያን ቀን "ዕድሜ ልካችንን በግ ስናርድ ኖረን በቀበሮ ስም ልንቀበር ነው" አለ። ሁሉም ሳቀ፤ አባትህ ብቻ አልሳቀም። ስሙ ሲሄድ ሰዉም እየተከተለው ሄደ።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። በማርች ማዘጋጃ ቤቱ የላከው ብሬት የሚባል ቀይ ጎረምሳ ባለ ሦስት እግር የመለኪያ መሣሪያ ተሸክሞ መጣ። እኔና ኩላ ለእሑዱ ጨዋታ ሽንኩርት እንከትፋለን። አባትህ ሐኪም ቤት ሄዷል። ልጁ በወጥ ቤቱ መስኮት አንገቱን አስግጎ፣

"አርጊሮ እርስዎ ነዎት? የማር ቦምቦሊኖዎን ሳልቀምስ እንዳልመለስ ተነግሮኛል" አለኝ።

ኩላ "ዝናሽ የት ደረሰ!" ብላ ቀለደችብኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ዘይት ጣድኩ። ጠብሼ፣ ማር አፍስሼ ሰጠሁት። ጣቱን እየላሰ በላ። ከዚያ አፉን ጠርጎ፣ አንድም ቦታ ሳይፈልግ፣ ማንንም ሳይጠይቅ፣ ቀጥ ብሎ ጥላ ፎቁ ሥር ሄደ። አግዳሚውን አነሳ። ከሥሩ ያለውን ጣውላ ገለጠ። በባትሪ አየ፣ ፎቶ አነሳ፣ አመስግኖኝ ሄደ።

እዚያ ሥር ያለውን ከእኔ ሌላ የሚያውቀው ሦስት ሰው ነው። በሰማንያ አምስት ክረምት ሜዳው ውኃ ሞልቶ ሊጉ ሊያባርረን ሲል፣ አባትህና ነፍሱን ይማረውና ዲሞስ አንተን ይዘው ገብተው ቱቦአችንን ከማዘጋጃ ቤቱ ትልቅ ቱቦ ጋር ያለ ፈቃድ ቀጠላችሁት። ጭቃ ሆናችሁ ስትመጡ ሱሪህን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ላትናገሩ ተማማላችሁ። የሊዝ ውሉ ያለ ፈቃድ የተቀበረ ነገር ከተገኘ ይፈርሳል እንደሚል አባትህ ያውቅ ነበር፤ አንተም ኋላ ሕግ ስትማር አንብበህ "አባዬ፣ ይሄ ጣውላ አንድ ቀን ይበላናል" ያልከው ትዝ ይለኛል።

በኤፕሪል መጨረሻ የማዘጋጃ ቤቱ ደብዳቤ መጣ። ያለ ፈቃድ የተቀበረ ቱቦ ስለተገኘ ውሉ ፈርሷል፣ እስከ ጁላይ መጨረሻ ልቀቁ ይላል። ቦታው ላይ አዲሱ ክለብ ልምምድ ይሠራበታል አሉ።

አባትህ አዳራሹ ውስጥ ተነሥቶ ቆመ። ሰው ሁሉ ነበር። ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ከፍ ቢያደርግ ይሻለኝ ነበር።

"ከመካከላችን የተናገረ አለ" አለ። "ማን እንደሆነ አላውቅም። ራሱን ያውቃል። ከቆስጠንጢኖስና እሌኒ በዓል ቀጥሎ ባለው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሜዳው መሃል እናወግዘዋለን።"

አንዱ ከኋላ "በድንጋይ?" አለ።

"በድንጋይ። እንደ አገራችን። እያንዳንዱ ቤት ድንጋዩን ይዞ ይምጣ።"

ማንም አላጨበጨበም። ወንበር እየተንጓጓ ሰዉ ወጣ።

ካህኑ ፓፓ ያኮቮስ እኛ ቤት ድረስ መጣ። "ፓንዴሊስ፣ ውግዘት የጳጳስ ሥራ ነው። አንተ ምን ቤት ነህ?" አለው።

"አባ፣ እኔ በረኛ ነኝ። ከፊት የመጣብኝን ሁሉ ስይዝ ኖሬያለሁ፤ የገባብኝንም ችያለሁ። ይሄ ግን ከኋላ ነው የገባው።"

"እኔ አልመጣም።"

"ያለ አንተ ይሆናል።"

ካህኑ ያቀረብኩለትን ሳይቀምስ ወጣ። በር ላይ ፊቴን አየት አድርጎ "አርጊሮ፣ የምታውቂው ነገር አለ?" አለኝ። "ምን አውቃለሁ፣ አባቴ" አልኩት። ለካህን ስዋሽ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ሰው ደግሞ ወንጀለኛ ካጣ ይፈጥራል። ሚካሊስ የማዘጋጃ ቤቱ ሣር አጫጅ ነው፤ በቃ፣ እሱ ነው አሉ። ሰላምታ ነፈጉት። ባለፈው ሳምንት የመኪናውን መስታወት በሙሉ አርግፈውበት አደሩ። አባትህም "ዲሞስ ሰክሮ ነግሮት ይሆናል" ይላል። ዲሞስ! ምሳ ምን እንደበላ ለሚስቱ የማይናገር ሰው! ሙት አይመልስ፣ አይከራከር፤ አባትህ ዲሞስ ላይ ሙጥኝ ብሏል። ዲሞስን ከለቀቀ ቀጥሎ ማን እንደሚቀር አስበው።

ኩላ ወጥ ቤቱን ተወችው። ዳቦ ቤት አገኘኋትና ልስማት ስል አንድ እርምጃ ወደኋላ አለች።

"አንቺም፣ አርጊሮ?"

"እኔ ምንም አላልኩም።"

"እሱን ነው የምልሽ" ብላኝ ዳቦዋን ሳትይዝ ወጣች።

ልጄ፣ አንተ እዚህ ተወልደህ ውግዘት ምን እንደሆነ አታውቅም፤ ተረት ይመስልሃል። እኔ በልጅነቴ አይቻለሁ። መንደራችን ውስጥ የአንዲትን መበለት የወይራ ዛፎች አንድ ሰው ሌሊት ቆርጦ ጣለባት። ማን እንደሆነ ስላልታወቀ መንገዱ መገንጠያ ላይ ተሰብስበን እየተራ "የተወገዘ ይሁን፣ መሬት አትቀበለው፣ ዘሩም አይጽና" እያልን ድንጋይ ወረወርን። እኔም በትንሽ እጄ ወረወርኩ። ቆራጩ አብሮን ቆሞ ይወረውር ነበር። እናቱም ወረወረች። ሰውዬው ሲሞት፣ እንደ ወጋችን በሦስተኛው ዓመት አጥንቱን በወይን ሊያጥቡ መቃብሩን ከፈቱ፤ ሰውነቱ ሳይፈርስ እንዳለ ነበር፣ ጠጉሩ እንኳ አልረገፈም። ያኔ ታወቀ። እናቱ ከዚያ በኋላ ቀኝ እጇን ከሽርጧ ሥር አውጥታ አታውቅም፤ በግራዋ ነበር የምትበላው። ልጅ አልነበረውም፤ ሁለት ተወልደውለት ሁለቱም አልቆዩም።

እመነውም አትመነው። እኔ ግን ሜሊሳ ኦገስት ላይ ትወልዳለች ስትሉኝ የተደሰትኩትን ያህል አሁን እፈራለሁ።

አንተ መሆንህን አውቃለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አውቃለሁ። ጣውላውን ለዚያ ልጅ የነገረው ቦምቦሊኖዬንም የነገረው ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ በልቶት ያደገ ነው። ተቆጥቻለሁ፣ አልዋሽህም። ሳህኑን ሳጥብ ሰበርኩት። ለክፋት እንዳላደረግከውም አውቃለሁ። "ለማንኛውም ሊሞት ነው፣ ቶሎ ይገላገል" ብለህ ይሆናል። ወይም አለቆችህ ፊት ጎበዝ ለመባል ይሆናል። ለእኔ አትንገረኝ፤ ልጄን መርምሬ መፍረድ አልፈልግም።

እውነት ልንገርህ፣ ለሜዳውም አላለቅስም። ወጣትነቴን እዚያ ወጥ ቤት ጢስ ውስጥ ነው የጨረስኩት፤ ጨዋታ ተቀምጬ ያየሁበት ቀን ቢቆጠር ከጣቶቼ አያልፍም። ይሂድ ሜዳው። አባትህ ግን በገዛ አፉ ልጁን ካወገዘ፣ ኋላም ማን እንደነበር ከሰማ፣ አንድ ክረምት አይቆይልኝም። የተወረወረ አይመለስም። አንተም ዕድሜ ልክህን ትሸከመዋለህ፤ በአባት ውግዘት የሚስቅ ሰው እስካሁን አላየሁም። ሚካሊስም ባልሠራው ይወገራል፤ እሑድ ድንጋዩ መሃል ሜዳው ላይ ብቻ እንደማይቀር ይታየኛል። አንዳንዶቹ ጎረምሶች የሚያዘጋጁት ድንጋይ ለውግዘት የሚሆን አይደለም፤ ለእጅ የሚመች ነው።

ለአባትህ አልነገርኩትም። እኔ ብነግረው ከሳሽህ እሆናለሁ፤ አንተ ከነገርከው ግን ልጁ ነህ። ይጮኻል፣ ስምህን እንዳልጠራ ይከለክለኛል፣ ዓመት ሙሉ ያኮርፋል። ይሁን፤ ኩርፊያ ውግዘት አይደለም። እስከዚያ እሑድ፣ እስከ ሜይ ሃያ ሦስት ጊዜ አለህ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ባለፈው ሳምንት አባትህ ከወንዙ ዳር ሁለት ድንጋይ ይዞ መጣ። አንዱ ዳቦ ያክላል፤ የራሱ ነው። ሌላው ሎሚ አይሞላም።

"ይሄስ የማን ነው?" አልኩት።

"የስታማቲስ። ሩቅ አይደል? እኔ እወረውርለታለሁ። አባል አይደለም እንዴ?"

"ታዲያ ለምን ይሄን ያህል አነሰ?"

ድንጋዩን እጁ ላይ ሲያገላብጥ ቆየ። "ስፈልግ ስፈልግ ከዚህ ያነሰ አጣሁ" አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ወደ ሜዳው አልወረደም። ጉልበቴ ነው ይላል፤ ዝናብ ግን የለም። ኮሪደሩ ላይ ወንበር አምጥቶ ስልኩ አጠገብ ይቀመጣል። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ እሰማዋለሁ፤ እጀታውን ያነሳል፣ መሥራቱን ያዳምጣል፣ መልሶ ያስቀምጠዋል። ማንን እንደሚጠብቅ አልጠየቅኩትም።

ስትደውል የሚያነሳው እሱ ነው።

ቅዱሳኑ በፊት በኋላህ ይቁሙልህ። አምላክ ሜሊሳን በሰላም ያገላግልልህ፤ ልጅህ በእግሩ ቆሞ እስኪሮጥ ዕድሜ ስጠኝ እያልኩ ነው። ምርቃቴ ከማንም እጅ ቀድሞ ይድረስህ።

እናትህ
አርጊሮ